ክፍያው ሲደርስ ትነግሩናላችሁ፣ ልጁ ማንበብ ሲያቅተውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ግል ትምህርት ቤቶች የክፍያ ጭማሪ የሚወጣውን ጽሁፍ ሳላነብ አላልፍም፣ ጥሩ ነው ይጻፍ፣ ኪሳችንን ባዶ ሚያስቀረው እሱ ነው። ግን በብር ስንነታረክ አንድ ነገር ሁሌ ይረሳል። ከፈልንም አልከፈልንም ልጆቻችን በዚህ ሳምንት ክፍል ውስጥ ምን ተማሩ፣ ምኑ ገባቸው ምኑ አልገባቸውም ሚለውን ማነው ሚነግረን? እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 5ኛ ክፍል ነው መንግስት ትምህርት ቤት፣ ትንሿ 2ኛ ክፍል ናት ግል ትምህርት ቤት፣ ለምን ለያየሻቸው ለሚለኝ ለሁለት መክፈል ስላልቻልን ነው ሌላ ምስጢር የለውም። እና ሁለቱንም በር ስለማንኳኳ ሁለቱንም አውቃለሁ፣ አንዱ ሲያወራ ይውላል አንዱ ጭራሽ አያወራም፣ ስለ ትምህርቱ ግን ሁለቱም ዝም ናቸው።

ከግሉ ልጀምር። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉም ተሯሩጦ ቴሌግራም ከፈተ አይደል፣ ዎርክሺቱም ቮይሱም ፒዲኤፉም በሱ ነበር ሚመጣው፣ ያኔ ትልቁ ልጄ ኬጂ ነበር፣ ዳታው አለቀብን፣ ተማረርን፣ ግን እውነት ለመናገር ወላጅ ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ እንደዛን ጊዜ አውቆ አያውቅም። ከዛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ቴሌግራሙ እንዳለ ቀጠለ፣ ትምህርቱ ብቻ ወጣበት። አሁን ቻናሉን ከላይ እስከ ታች ብትስቡት ምታገኙት ውድ ወላጆች የሩብ አመቱ ክፍያ እስከዚህ ቀን ካልተጠናቀቀ ቅጣት አለው፣ ውድ ወላጆች ነገ ከለር ዴይ ስለሆነ ልጆች ቢጫ ለብሰው ይምጡ፣ ውድ ወላጆች አርብ የባህል ልብስ ነው፣ ውድ ወላጆች ለትሪፕ ይሄን ያህል ብር በቴሌብር አስገብታችሁ ደረሰኙን ስክሪንሾት ላኩ። ከዛ አርባ ምናምን ፎቶ በአንዴ ይወርዳል፣ ፊኛ ይዘው፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ኮሜንቱ ደሞ ዝግ ነው። ለበዓሉም ለፎቶውም ጥላቻ የለኝም፣ ልጄ ሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ስትሽከረከር ያለውን ቪዲዮ እኔም ለዘመድ ሁሉ ልኬዋለሁ። ግን ከዛ ቻናል ላይ ሒሳብ የሚል ቃል አይቼ አላውቅም፣ ማታ በሁለት ሰዓት ቢጫ ቲሸርት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር ግን በደንብ አውቃለሁ።

ወላጆች ራሳችን የከፈትነው ግሩፕም አለ፣ እሱ ይሻላል እንዳልል እንኳን አደረሳችሁ፣ አሜን፣ እልል ምትል ስቲከር፣ የአንሶላና የብርድልብስ ማስታወቂያ፣ መሀል ላይ አንዷ እናት «ነገ የሳይንስ ቴስት አለ እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች መልስ ሳታገኝ ስንት መልእክት ከላይዋ ይከመርባታል። ሚዩት ያላደረገው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ኮሚዩኒኬሽን ቡክ አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ በየአመቱ ከዩኒፎርሙ ጋር እንገዛዋለን። ውስጡ ሚጻፈው «ሆምወርክ ገጽ 41» ነው፣ ከጎኑ ፊርማ። ወላጅ ሳያነብ ይፈርማል፣ ብዙ ቤት ደሞ ወላጅ ማታ ስለሚገባ ሰራተኛዋ ናት ምትፈርመው፣ አስተማሪዋም የክፍሉን ደብተር ሁሉ በምሳ ሰዓት ፈርማ መጨረስ ስላለባት ምን እንደተጻፈ ለማየት ጊዜ የላትም፣ ስለዚ ሁለት ሰው በየቀኑ የሚፈርምበት ግን ማንም የማያነበው ደብተር ሆኗል።

ግን ያ ደብተር ሲሰራበት ምን ማድረግ እንደሚችል አይቻለሁ። የትንሿ ልጄ የአማርኛ አስተማሪ ህዳር አካባቢ በቀይ እስክርቢቶ እንዲህ ብላ ጻፈችልን፣ «ሳልስና ኃምስ ይደባለቁባታል፣ ሊ እና ሌ፣ ቢ እና ቤ። ማታ ማታ አምስት ደቂቃ ጋዜጣ ላይ ፈልጋ ታክብብ፣ ጮክ ብላም ታንብበው።» በቃ ይሄው ነው። ሊ ከታች ሰረዝ አላት ሌ ቀለበት አላት፣ ለኛ ለትልቆቹ ግልጽ ነው፣ ለ7 አመት ልጅ ግን ከሩቅ አንድ ናቸው፣ እኔም ስታነብ እየሰማሁ እየገመተች እንደምታልፍ አላወቅኩም ነበር፣ ምክንያቱም ተረቱን በቃሏ ይዛዋለች። እና የናንተን ጋዜጣ ነው የተጠቀምነው፣ ሳልሱን በሰማያዊ ኃምሱን በቀይ፣ ከትልልቆቹ ርዕሶች ጀምራ፣ አባቷ የስፖርቱን ገጽ ገና አላነበብኩትም አታበላሺብኝ እያለ እሷ ደሞ እዛ ላይ ነው ብዙ ሌ ያለው እያለች ሲጣሉ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ተስተካከለላት። (ጋዜጣችሁ ለምን እንደሚጠቅም ሌላ ምክንያት ካስፈለጋችሁ ይሄውላችሁ።)

አስተማሪዋ ያደረገችውን ልብ በሉልኝ። ችግሩ ምን እንደሆነ ለይታ ነገረችኝ፣ እኔ ኮሌጅ ልግባ አልግባ እቤት ልሰራው ምችለውን ነገረችኝ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ጨምራ። ደሞ የነገረችኝ ህዳር ነው፣ ሰኔ አይደለም። ካርድ ላይ ሚጻፈውን ታውቁት የለ፣ «ጎበዝ ናት በርቺ» ወይም «ክትትል ያስፈልገዋል»። ምንድነው ክትትል? በር ላይ ቆሜ ልጠብቀው? የትልቁ ልጄ ካርድ አማርኛ 71፣ ደረጃ 23ኛ ከ58 ይላል፣ እሺ 71 ማለት አንብቦ ይረዳል ማለት ነው ወይስ ሰዋስው ሸምድዶ ነው፣ ድርሰት መጻፍ ይችላል አይችልም፣ ከ71 ውስጥ ይሄ አይነበብም። ተከታታይ ምዘና የሚባል ነገር አለ፣ ልጆቹ በየጊዜው ይመዘናሉ፣ ነጥቡ ሮስተር ላይ ይሞላል፣ ተደምሮ አንድ ቁጥር ሆኖ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይመጣልናል፣ ተከታታይነቱ ለትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ለኛ አይደለም።

ይሄን ያህል ምን አስጨነቀሽ ለሚለኝ። በፈረንጆቹ 2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። አንዲት ቃል! የነዚህ ልጆች ወላጆች ስንቶቹ ያውቁ ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ? ልጁ በየቀኑ ዩኒፎርም ለብሶ ይሄዳል፣ ደብተሩ ከሰሌዳ በተገለበጠ ጽሁፍ ሞልቷል፣ ክፍል ይዘዋወራል፣ እናት በምን ትጠርጥር። ከዛ ከአመታት በኋላ በኛ አቆጣጠር በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል አገር ሁሉ ደነገጠ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። የኩረጃ ነገር፣ የጦርነቱ ነገር፣ የአስተማሪ ነገር፣ ብዙ ተባለ፣ ሁሉም ድርሻ ይኖረዋል። እኔን የገረመኝ ግን የወላጆቹ ድንጋጤ ነው፣ 12 አመት ካርድ ላይ ሲፈርሙ የኖሩ ወላጆች ልጃቸው የት ላይ እንዳለ ያወቁት በመጨረሻው ቀን መሆኑ።

አሁን ወደ መንግስቱ ትምህርት ቤት ልምጣ። እዛ ቴሌግራምም የለም፣ ኮሚዩኒኬሽን ቡክም የለም፣ ያለው ልጁ ነው። ልጁ ነው መልእክተኛው፣ «ነገ ወላጅ ይምጣ ተብሏል»፣ ለምን፣ «አላቅም»። አንዳንዴ ደሞ አስተማሪዎች ስብሰባ ወይ ስልጠና አላቸው ተብሎ ጠዋት በአራት ሰዓት ይለቀቃሉ፣ እኔ ስራ ነኝ፣ ቤቱ ተቆልፏል፣ ልጁ ጎረቤት ይውላል፣ ጎረቤት የሌለውስ የት ይውላል? ይሄ እንኳን ስለ ትምህርት አይደለም፣ ከአንድ ቀን በፊት የሚላክ አንድ መስመር ነው። ስለዚ የዝግጅትና የፕሮግራም ወሬ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ግሉ ጋር ተትረፍርፎ መንግስቱ ጋር ጠፍቶ ነው እንጂ።

ወመተህ አለ፣ የወላጅ መምህር ተማሪ ህብረት፣ ቅዳሜ ስብሰባ ይጠራል። የሚነሳው አጥር፣ ሽንት ቤት፣ መዋጮ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፣ ይነሳ አስፈላጊ ነው፣ ግን 4ኛ ክፍል በዚህ ሴሚስተር ምን ይማራል ተብሎ አጀንዳ ተይዞ አላየሁም። ቀን ሰራተኛ የሆነ ወላጅ ደሞ ቅዳሜ ከቀረ ብሩም ይቀራል፣ አይመጣም፣ ከዛ «ወላጆች ትብብር የላቸውም» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዛል። አዲስ አበባ ላይ ከ2012 ጀምሮ የምገባ ፕሮግራም አለ፣ ልጆቹ ቁርስና ምሳ እዛው ይበላሉ፣ እግዜር ይስጣቸው ብዬ ነው ማልፈው ለስንት ቤት እፎይታ ነው። እና ምግቡን ሚሰሩት የሰፈር እናቶች ናቸው፣ ልጄ አንድ ቀን ምሳውን ሳይበላ ቢቀር ማታ አንዷ መንገድ ላይ አስቁማ «ዛሬ ልጅሽ አልበላም ምን ሆኗል» ትለኛለች። በዛው ግቢ ውስጥ ክፍልፋይ ሳይገባው ሁለት ወር ቢያልፍ ግን ሚያስቆመኝ የለም።

ሌላ ችግር ደሞ አለ፣ ከ2015 ጀምሮ ስርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል። ግብረገብ አለ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት ሚባል አለ፣ አካባቢ ሳይንስ አለ፣ 6ኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና መጥቷል፣ እኛ ወላጆች ደሞ በድሮው የተማርን ነን። ሒሳቡን በኛ መንገድ ስናሳየው «ቲቸር እንደዚህ አይደለም ያሉት» ይለናል፣ አፋን ኦሮሞ ደሞ ቋንቋውን ማንችል ሰዎች ልጁ የት እንደደረሰ በምን እናውቃለን። መጽሀፉን በፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዳችሁ ተጠቀሙ ይባላል፣ ሁለት መቶ ገጽ በስልክ ስክሪን ላይ ማየት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል፣ ደሞ ከ200 ገጽ ውስጥ አስተማሪው ዛሬ የትኛው ገጽ ላይ ነው?

እህቴ መንግስት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፣ ይሄን ሁሉ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። 60 ልጅ ይዤ፣ በዚህ ደሞዝ፣ በራሴ ስልክ በራሴ ዳታ ለ60 ወላጅ ሪፖርት ልጻፍ? ማታ በአራት ሰዓት እየደወሉ ልጄ ጃኬቱን ጥሏል የሚሉኝ አንሰው? እውነቷን ነው። ግል ትምህርት ቤት ምታስተምር ጓደኛዋ ደሞ ለወላጅ አንድ መስመር ለመላክ ዩኒት ሊደሩ አይቶ ርዕሰ መምህሩ አይቶ ነው፣ ችግር አለበት ብሎ ለመጻፍ ደሞ ማንም አይደፍርም ወላጅ ልጁን ይወስዳል ተብሎ ይፈራል አለች። ፊኛና ኬክ የበዛው ለካ ለዚህ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

ግን ስናወራ ስናወራ አንድ ነገር ወጣ። አስተማሪዎች የሳምንት እቅድ ይጽፋሉ፣ ርዕሱ፣ አላማው፣ ገጹ፣ መልመጃው፣ ሁሉም አለ፣ ዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርምበታል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ እንዲያየው ፋይል ይደረጋል። ያ ወረቀት እኮ ነው እኔ ምፈልገው! አዲስ ነገር ማንም እንዲጽፍ አልጠየቅኩም። አርብ ከሰዓት ያን ገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ፣ ወይ አንድ ደቂቃ ቮይስ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ሒሳብ ክፍልፋይ መደመር ነው ገጽ ይሄ፣ እቤት ዳቦ ወይ ብርቱካን ስትቆርሱ ስንት ስንተኛ እንደሆነ ጠይቋቸው፣ ሐሙስ ኲዝ አለ፣ ማክሰኞ ግማሽ ቀን ነው» ማለት። ለሁሉም አንድ መልእክት፣ ለ60 ሰው 60 መልእክት አይደለም። የስልክ ካርዱን ብር ትምህርት ቤቱ ይሙላ፣ ስልኩም የትምህርት ቤቱ ቢሆን ይሻላል የአስተማሪው የግል ቁጥር በየቤቱ ከሚበተን፣ ማታ ደሞ ይጥፋ።

ቮይስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉ፣ ጽሁፍ ስትልኩላቸው ልጁን ነው ሚያስነብቡት፣ ልጁ ደሞ የፈለገውን ዘሎ ያነባል ሞኝ አይደለም። እኛ ሰፈር ልጆቿን ለእናቷ ትታ ቤሩት የምትሰራ ሴት አለች፣ አያትየው ፊደል አልቆጠሩም፣ እሷ ግን ማታ ስራ ስትጨርስ በኢሞ እየደወለች ደብተሩን ካሜራ ላይ አስይዛ ታያለች፣ የክፍሉ ወሬ በቴሌግራም ቢደርሳት ቤሩት ሆና ከብዙዎቻችን በላይ ትከታተል ነበር፣ ጅዳም ዱባይም እንደሷ ያሉ ስንት እናቶች አሉ። ስማርት ስልክ ለሌለው ደሞ የትምህርት ቤቱ በር አለ። በሩ ጋ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይተከል፣ ለየክፍሉ አንድ አንድ መስመር፣ ሰኞ ጠዋት ይጻፍ። ሚኒ ሚዲያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ራሳቸው በስፒከር ሊያነቡት ይችላሉ መውጫ ሰዓት ላይ ወላጅ ቆሞ ሲጠብቅ። ጥበቃው ጋ የሚቆም ወላጅ መቼም አይጠፋም።

ለሁሉም ሚነገረውና ለአንድ ሰው ብቻ ሚነገረው ግን ይለይ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሮስተሩን ከነስሙ ከነነጥቡ ስክሪንሾት አድርጎ ግሩፕ ላይ ይለቃል፣ መጨረሻ የወጣው ልጅ እናት እዛ ግሩፕ ውስጥ እንዳለች ሚያስብ የለም? ልጁስ ነገ እንዴት ክፍል ይግባ? ሊ እና ሌ የሚደባለቁባት የኔ ልጅ እንደሆነች ለኔ ብቻ ነው መነገር ያለበት። ፎቶውም እንደዛው ነው፣ የልጆችን ፊት ከነስማቸው ከነክፍላቸው ከነዩኒፎርማቸው ቲክቶክ ላይ ለማስታወቂያ ሚለጥፉ አሉ፣ አንዴ ፈቃድ ጠይቀውን አያውቁም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ቆየ፣ የትምህርት ቤት ባለቤቶች ገልጠው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ወላጆችም አለንበት። የወላጆች ስብሰባ ላይ ክፍያ ጨመረ ሲባል አዳራሹ ሞልቶ ይፈሳል፣ ክፍል አስተማሪውን ማነጋገሪያ ቀን ሲባል ግማሹ አይመጣም፣ የመጣውም «ስንተኛ ነው» ብሎ ጠይቆ ይወጣል። ልጆቻችንንም እቤት ሲገቡ ምንጠይቃቸው ስንት አመጣህ እንጂ ምን ተማርክ አይደለም፣ ብንጠይቅም «ምንም» ነው መልሳቸው፣ የሳምንቱ ርዕስ በእጃችን ቢኖር ግን «ስለ ውሃ ዑደት ተማራችሁ አይደል፣ ዝናቡ ከየት ነው ሚመጣው» ብለን መጀመር እንችላለን፣ ከዛ በኋላ ማን ያስቆማቸዋል።

የትምህርት ቢሮ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ፣ መመሪያ ይውጣ ፎርም ይሞላ አትበሉብኝ፣ ፎርም ከሆነ እንደ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ፊርማ ብቻ ይሆናል። ሱፐርቫይዘሮቻችሁ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የእቅድ ፋይሉን ካዩ በኋላ «ይሄን ወላጅ አይቶታል?» ብለው ቢጠይቁ ይበቃኛል። 60 ልጅ ይዛችሁ ይሄን የሞከራችሁ አስተማሪዎች ደሞ ካላችሁ፣ ከሰራም እንዴት እንደሰራ፣ ካልሰራም ምን እንዳበላሸው በዚሁ ገጽ ጻፉልን፣ እኛ ሳምንቱን ጠብቀን እናነባለን። እኔ መስከረም ላይ በሚጠራው የወመተህ ስብሰባ የሰሌዳውን ነገር አነሳለሁ፣ በጀት የለም እንዳይሉኝ ጠመኔውን እኔ እገዛለሁ።

የሁለት ተማሪዎች እናት
ከአዲስ አበባ